በገጠር የዓይን ሕክምና ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የምሠራው በደቡብ ጎንደር፣ ከአስፋልት ርቃ በምትገኝ ጤና ጣቢያ ውስጥ ነው፤ የዓይን ክፍል ነርስ ነኝ። ከታች ያሉት ጥያቄዎች በየቀኑ የሚቀርቡልኝ ናቸው። ይህን በስልካቸው የሚያነቡት አብዛኛውን ጊዜ ታካሚዎቹ ሳይሆኑ ከተማ ወይም ባሕር ማዶ ያሉ ልጆቻቸው እንደሆኑ አውቃለሁ። ስለዚህ መልሱን የጻፍኩት «እናቴን ምን ላድርጋት? አባቴን ወዴት ልውሰደው?» ብሎ ለሚጨነቅ ሰው ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ይያዝልኝ። የዓይን ብርሃን አጠፋፉ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ቢታከም የሚመለስ ነው፣ ሌላው አንዴ ከሄደ የማይመለስ። የገጠር ሰው ሁለቱንም «ዓይኔ ጠፋ» በሚል አንድ ቃል ይጠራቸዋል። በዚህም ምክንያት ሊመለስ የሚችለውን ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል፤ የማይመለሰውን ደግሞ «እስኪ ይቆይ» ይለዋል። የሥራዬ ትልቁ ክፍል ሁለቱን መለየት ነው።

ጤና ጣቢያ ውስጥ የዓይን ሐኪም የለም። ታዲያ ሄደን ምን እናገኛለን?

ስፔሻሊስት ሐኪም የለም፣ እውነት ነው። ያለው በዓይን ሕክምና የሠለጠነ ነርስ ነው። ግን ከሚመጣው ሰው ብዙው እዚያው ታክሞ የሚመለስ ነው።

የመጀመሪያው ሥራ እይታን መለካት ነው። ግቢው ውስጥ ስድስት ሜትር በገመድ ለክተን ድንጋይ አስቀምጠናል። ታካሚው ድንጋዩ ጋ ይቆማል፣ ግድግዳው ላይ የእንግሊዝኛው «E» ቅርጾች ያሉበት ሰሌዳ ተሰቅሏል። ፊደል መቁጠር አያስፈልግም፤ የቅርጹ እግሮች ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ መዞራቸውን በእጁ ያሳያል። አንዱ ዓይን ተሸፍኖ ሌላው ይለካል፣ ከዚያ ይቀየራል። ብዙ ሰው አንዱ ዓይኑ ከጠፋ ዓመታት እንዳለፉት የሚያውቀው እዚህ ድንጋይ ላይ ቆሞ ነው፤ ሌላው ዓይን ስለሸፈነለት አልታወቀውም ነበር። በሦስት ሜትር ርቀት ላይ ጣት መቁጠር የማይችል ዓይን ታውሯል ተብሎ ይመዘገባል። ይህ ግን መዝገብ ነው እንጂ ፍርድ አይደለም።

ቀጥሎ የዓይኑን ቆብ ገልብጠን በባትሪና በማጉያ መነጽር እናያለን። የዓይን ማዝ፣ ቀላል ቁስል፣ ባዕድ ነገር የገባበት ዓይን፣ ወደ ውስጥ የዞረ ሽፋሽፍት እዚያው ይታከማል። ሞራ፣ የዓይን ግፊት፣ ጥልቅ ጉዳት ያለበት ሰው ሪፈር ይጻፍለታል። ከእኛ በላይ ሆስፒታሎቹ አሉ፣ ከዚያም የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የዓይን ሕክምናና ማሠልጠኛ ማዕከልና የባሕር ዳሩ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል። ከእኛ በታች ጤና ኬላዎች አሉ። ቤት ለቤት እየዞሩ «እማማ፣ ዓይንዎ ለምን ያለቅሳል?» ብለው ሰው የሚልኩልን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ናቸው። ሙሉ የዓይን ሕክምና ማለት ይህ ሰንሰለት ሳይበጠስ ሲቀጥል ነው። አንድ ትልቅ ሆስፒታል ብቻውን ቢቆም ለገጠር ሰው ሩቅ ሕንጻ ነው።

እናቴ የዓይኗን ፀጉር በወረንጦ ስትነቅል ዓመታት ሆኗታል። ምንድን ነው ችግሩ?

ይህን ጥያቄ ሰፋ አድርጌ እመልሳለሁ፣ ምክንያቱም በአካባቢያችን የማይመለሰውን ብርሃን የሚወስደው በአብዛኛው ይህ ነው።

ወረንጦዋን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ የምትዞር እናት ያላየ የገጠር ልጅ የለም። ደጃፍ ላይ ተቀምጣ፣ ፊቷን ወደ ፀሐይ ሰጥታ፣ ልጇን ወይም የልጅ ልጇን «ንቀዪልኝ» ትላለች። የሚነቀለው ሽፋሽፍት መብቀል የነበረበት ወደ ውጭ ነው፤ ግን ወደ ውስጥ ዞሮ፣ በተርገበገበች ቁጥር የዓይኗን ጥቁር ክፍል ይቧጥጠዋል። ሰው በቀን በሺዎች ጊዜ ዓይኑን ያርገበግባል፤ በእያንዳንዱ ላይ ፀጉር መቧጠጡን ያስቡት። አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁራል፣ ያስለቅሳል፣ ብርሃን ያስጠላል፣ ጭስ አያስቀርብም።

መነሻው ትራኮማ ነው። በልጅነት በባክቴሪያ የሚመጣው የዓይን ማዝ ደጋግሞ ሲይዝ የዓይን ቆብን የውስጥ ገጽ ያቆስለዋል። ቁስሉ ሲድን ጠባሳ ይተዋል፤ ጠባሳ ደግሞ ይኮማተራል። ዓመታት ሲቆጠሩ የቆቡን ጠርዝ ወደ ውስጥ ይጎትተዋል፣ ሽፋሽፍቱም አብሮ ይዞራል። እናትዎ ዛሬ የሚያማት በሦስትና በአራት ዓመቷ ይዟት የነበረው ነው። ሴቶች የበለጠ የሚጠቁት ደግሞ ማዙ ካለባቸው ሕፃናት ጋር ዕድሜያቸውን ሙሉ ስለሚውሉ ነው፤ ልጅ ሆነው ታናናሾቻቸውን ያዝላሉ፣ አድገው የራሳቸውን ልጅ፣ አርጅተው የልጅ ልጃቸውን። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ትራኮማ ሴቶችን ከወንዶች እስከ 4 እጥፍ ያሳውራል።

መንቀል ለጊዜው ያሳርፋል። ነገር ግን በደከመ ዓይንና በዛገ ወረንጦ ሲነቀል ፀጉሩ ከሥሩ አይወጣም፣ ይቆረጣል። የተቆረጠው ጉቶ አጭርና ጠንካራ ሆኖ ይበቅላል፣ ከረጅሙ ፀጉር የባሰ ይወጋል። አንድ ሁለት ፀጉር ብቻ ለዞረበት ወይም ቀዶ ሕክምናውን ገና ላልፈቀደ ሰው ጫፉ የተስተካከለ ወረንጦ እንሰጣለን፣ ዓይኑ አጥርቶ የሚያይ የቤተሰብ አባልም አነቃቀሉን እናሳያለን። ከዚያ በላይ ከሆነ መፍትሔው ቀዶ ሕክምና ነው።

ቀዶ ሕክምናው ያማል? ካደረገችስ ማየት ትችላለች?

የሚደረገው በሠለጠነ ነርስ፣ በጤና ጣቢያ፣ ቆቡን ብቻ በማደንዘዝ ነው። የሚያመው የማደንዘዣው መርፌ ነው፣ እሱም አጭር ጊዜ። ዓይኑ ራሱ አይነካም፤ ቆቡ ተከፍቶ፣ ጠርዙ ወደ ውጭ ዞሮ ይሰፋል። ለአንድ ዓይን ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ዓይኑ ተሸፍኖ ያድራል፣ በማግስቱ ይከፈታል። ክሩ የሚወጣው ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። በትራኮማ መርሐ ግብር ሥር ክፍያ የለውም።

ሁለተኛውን ጥያቄ በግልጽ መመለስ አለብኝ። ይህ ቀዶ ሕክምና መቧጠጡን ያቆማል፣ ሕመሙን ያስወግዳል፣ ያለውን እይታ ያተርፋል። ጥቁሩ ላይ የሰፈረውን ነጭ ጠባሳ ግን አያጠፋም። ይህን አስቀድመን ሳንናገር የቀረን እንደሆነ እናቲቱ ታክማ ስትመለስ «ያው ነው፣ አላየሁም» ትላለች፤ መንደሩም ቀዶ ሕክምናውን ይተወዋል። ዘግይተው የመጡትን ሳይሆን ጥቁሩ ገና ጥርት ያለላቸውን ነው በጣም የምንፈልጋቸው።

ሌላም አለ፤ ከሰው ሰው ቢለያይም ፀጉሩ ተመልሶ ሊዞር ይችላል። ስለዚህ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ እንድትታይ ያምጧት። ቢመለስ ድጋሚ ይሠራል።

እዚህ ላይ ከሥራዬ የማልረሳውን ልንገራችሁ። በጀመርኩ ሰሞን አንዲት እናት ወደ ማታ መጡ። ሁለቱም ዓይኖቻቸው ፀጉር ዞሮባቸዋል። መሽቶ ስለነበር «ነገ ይምጡ፣ ይሠራልዎታል» አልኳቸው። ከየት እንደመጡ አልጠየቅኩም። የአምስት ሰዓት መንገድ በእግራቸው መጥተው ነበር። በማግስቱ አልመጡም። ከዓመት በኋላ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ይዛቸው ስትመጣ አንደኛው ዓይናቸው ነጭ ሆኖ ነበር። ከዚያ ወዲህ እይታ ከመለካቴ በፊት «ከየት መጡ? ማታ የት ያድራሉ?» ብዬ እጠይቃለሁ።

ትራኮማ ከቆሻሻ ነው ይባላል። ውኃ በሌለበት አገር ምን ማድረግ ይቻላል?

«ቆሻሻ» የሚለውን ቃል አልወደውም፣ እናቶችን ያሳፍራል። የሚያስተላልፈው የታመመ ልጅ ዓይናርና የአፍንጫ ፈሳሽ ነው፤ በጣት፣ በነጠላ ጫፍ፣ በጋራ ትራስና በዝንብ ከልጅ ወደ ልጅ ይሄዳል። ዝንቧ የምትፈላው ሜዳ ላይ በተጸዳዱት የሰው ዓይነ ምድር ላይ ነው። ጉድጓድ ውስጥ ባለ ዓይነ ምድር ላይ አትራባም። መጸዳጃ ቤት ከዓይን ጋር ምን አገናኘው ለሚል ሰው ነገሩ ይህ ነው።

ውኃውን በተመለከተ ልጅን ፊት ለማጠብ ጀሪካን አያስፈልግም። አንድ ጣሳ ውኃ የሁለት ሦስት ልጆችን ፊት ያጥባል። ዘዴው ውኃውን ሳፋ ላይ አለማድረግ ነው፤ ሳፋ ላይ አንዱ የታጠበበትን ሌላው ይታጠብበታል። አሮጌ ሃይላንድ ክዳኑን በምስማር በስቶ አጥር ላይ መስቀል በቂ ነው፤ ቀጭን ውኃ ይወርዳል፣ ለሁሉም ይዳረሳል። ሳሙና ካለ ይጨመር፣ ከሌለም በውኃ ብቻ ይታጠብ። የውኃ መቅጃው የአንድ ሰዓት መንገድ በሆነበት ቀበሌ ግን «ፊት ታጠቡ» ማለት ብቻውን ግፍ ነው። ዓለም የተስማማበት የትራኮማ ስልት አራት ክንድ ያለው በዚህ ምክንያት ነው፦ ቀዶ ሕክምና፣ መድኃኒት፣ የፊት ንጽሕና፣ እና የውኃና የአካባቢ ንጽሕና። የኋለኛው ክንድ የእኛ የጤናዎቹ ሥራ ብቻ አይደለም፣ የውኃ ጽሕፈት ቤቱም ጭምር ነው። ከጎናችን ሆኖ ሲሠራ ማየት እፈልጋለሁ።

ዓይኔን አያመኝም። በዘመቻ የሚታደለውን መድኃኒት ለምን እውጣለሁ?

ባክቴሪያው ያለሕመም ሰው ላይ ይቀመጣልና። ዛሬ ልጅዎ ታክሞ ጎረቤት ያለው ልጅ ቢቀር በወሩ ተመልሶ ይይዘዋል። ስለዚህ መንደሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይወስዳል። መድኃኒቱ አዚትሮማይሲን ነው፤ ፋይዘር የተባለው ኩባንያ ለትራኮማ መርሐ ግብር በነጻ የሚሰጠው ነው። በአማራ ክልል የሚኖር ሰው ወባና ትራኮማን አብሮ የያዘውን የ«ማልትራ» ዘመቻ ያስታውሳል፤ የጀመረው በ2001 ዓ.ም. ኅዳር ገደማ ነበር።

መጠኑ የሚወሰነው በቁመት ነው። ያ ቀለም የተቀባበት ረጅም ዱላ ለዚህ ነው፤ ሚዛን ተሸክሞ ገደል መውጣት አይቻልም። ለሕፃናት በሽሮፕ ይሰጣል፣ ከስድስት ወር በታች ላሉት ደግሞ ቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት በቀን ሁለት ጊዜ ለስድስት ሳምንት። በባዶ ሆድ ሲወሰድ ሊያቅለሸልሽ ይችላል፣ ቁርስ ቀምሰው ይምጡ። በጾም ሰዓት የሚመጡትን «ወደ ቤት ወስጄ እውጠዋለሁ» ሲሉ ቁጭ ብለው እንዲጠብቁ የምንለምነው ሳጥን ውስጥ ገብቶ የሚቀር ክኒን ብዙ ስላየን ነው። በደጋ ቀበሌዎች ከአንዳንድ ካህናት ጋር ተነጋግረን የዕደላውን ሰዓት ከቅዳሴ በኋላ አድርገነዋል። በጣም ጠቅሞናል።

አባቴ ሞራ ጣለብኝ ይላሉ። እስኪበስል ይጠብቁ የሚባለው እውነት ነው?

አይደለም። ድሮ ነበር፣ በድሮው የአሠራር ዘዴ። ዛሬ ሞራው አባትዎን ከሥራቸው ካገዳቸው፣ ሰው ከለያቸው፣ መንገድ ካስፈራቸው ጊዜው ደርሷል። እንዲያውም በጣም ሲቆይ ይጠነክራል፣ ቀዶ ሕክምናውን ያከብደዋል፤ አንዳንዴም ያብጥና የዓይን ግፊት አስነሥቶ ሌላ ጉዳት ያመጣል።

የዓይን ሞራ ግርዶሽ ከብሌኑ ጀርባ ያለው ጥርት ያለ ሌንስ መደፍረስ ነው። ከላይ የሚጣል ነገር አይደለም፤ ስለዚህ በጠብታ አይጠራም፣ በምላስ አይላስም፣ በቅጠል አይጸዳም። የደፈረሰው ወጥቶ በቦታው የተሠራ ሌንስ ይገባል። ይህ ነው ያ የሚመለሰው ብርሃን። በ1998 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከመቶ ኢትዮጵያዊ 1.6 ያህሉ ዓይነ ስውር ሆኖ ተገኝቷል። ከእነዚህ ግማሽ ያህሉን ያሳወረው ሞራ ነበር፣ 11.5 በመቶውን ደግሞ ትራኮማ። በጥቅሉ 87.4 በመቶው መከላከል ወይም ማዳን ይቻል የነበረ ነው። ጥናቱ ዓመታት አልፈውታል፣ እኔ ግን ይህን ቁጥር ከአእምሮዬ ላወጣው አልቻልኩም።

ሪፈር ከጻፍንላቸው አንድ ሽማግሌ ጋር ሆስፒታል አድሬ ነበር። በማግስቱ ሽፋኑ ሲነሣ መጀመሪያ ያዩት ሐኪሙን አልነበረም፣ ልጃቸውንም አልነበረም። እጃቸውን ገልብጠው ገልብጠው አዩ። «አርጅቻለሁ ማለት ነው» አሉ። ከዚያ ዝም ብለው አለቀሱ።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ጠብታውን ለታዘዘው ሳምንታት ማድረግ፣ ዓይኑን አለማሸት፣ ከአቧራና ከጭስ መራቅ፣ ከባድ ነገር አለመሸከም ያስፈልጋል። ሕመሙ እየጨመረ ከሄደ፣ ዓይኑ ከቀላ፣ የተመለሰው እይታ ከደበዘዘ የቀጠሮ ቀን አይጠብቁ፤ ያንኑ ዕለት ይመለሱ።

ሐኪሞች መጥተው በዘመቻ የሚሠሩት ይታመናል?

የሚሠሩት ሐኪሞች፣ የሚገባውም ሌንስ ሆስፒታል ውስጥ ካለው የሚለይ አይደለም። በጥቂት ቀናት ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠር ሰው ብርሃኑ ይመለሳል። እኔ የምሰጋው በኋላ ስለሚሆነው ነው። ዘመቻው ካለፈ በኋላ ጠብታ ያለቀበት፣ ዓይኑ የቀላበት ሰው ወዴት ይሂድ? ስለዚህ ሲመዘገቡ «ለክትትል የት እንመለስ?» ብለው ይጠይቁ፣ የሰጡዎትንም ካርድ ይያዙ። አንዱ ዓይን ተሠርቶ ሁለተኛው ከቀረ ደግሞ ቀጣዩን ዘመቻ ከመጠበቅ ሪፈር ይጻፍልዎት።

ጸበልና የባህል መድኃኒትስ?

ጸበል መጠመቅ ከሕክምና ጋር አይጋጭም፣ እኔም ከጸበል ተመልሰው የመጡ ብዙ ሰዎችን አክሜአለሁ። የምለምነው ሁለት ነገር ነው። ሕክምናውን ለጸበል ብለው አያዘግዩት፤ በተለይ የሚያም፣ የቀላና እይታው በድንገት የቀነሰ ዓይን ቀን አይሰጥም። ሁለተኛው፣ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ዓይን ለሳምንታት ውኃ እንዳይገባበት ነው። ለአባቶች ስንነግራቸው ይረዱናል፤ «ፊትህን አትነከር፣ ጠጣው» ይሏቸዋል።

ዓይን ውስጥ የሚጨመቅ ቅጠል ግን ሌላ ነገር ነው። የተቧጠጠ ዓይን ላይ ያልተጣራ ጭማቂ ሲገባ ሻጋታና ባክቴሪያ ይዞ ይገባል፣ ቁስሉም በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ዓይን ሊያፈርስ ይችላል። ቅንድብን መብጣትም ለዓይን የሚሰጠው አንዳች ጥቅም የለም፣ ጠባሳ ብቻ ነው የሚቀረው።

አውድማ ላይ እብቅ ገባበት። ቁልቋል ነካው። ኖራ ረጨው። መጀመሪያ ምን ላድርግ?

ለቁልቋል ወተት፣ ለቅንጭብ፣ ለኖራና ለሲሚንቶ መልሱ አንድ ነው፦ ውኃ፣ አሁኑኑ፣ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት። ሰውየውን አስተኝተው፣ ቆቡን በጣት ከፍተው፣ ከአፍንጫው በኩል ወደ ጆሮው እንዲፈስ ያፍስሱበት። ንጹሕ ውኃ ከሌለ የተገኘውን የሚጠጣ ውኃ ይጠቀሙ። ወደ ጤና ጣቢያ የሚወሰደው ታጥቦ ካበቃ በኋላ ነው። ኖራ የገባበትን ልጅ ሳያጥቡ በበቅሎ ሁለት ሰዓት ማምጣት ዓይኑን መንገድ ላይ መጣል ነው።

እብቅ ወይም ጉድፍ ከሆነ አይሹ። በውኃ አጥበው ካልወጣ ይምጡ፤ በእንጨት ጫፍ፣ በምላስ ወይም በነጠላ ለማውጣት አይሞክሩ። ከወጣ በኋላ የጸረ ባክቴሪያ ቅባት ለጥቂት ቀናት ይሰጥዎታል። ጥቁሩ ላይ ነጭ ነጥብ ካዩ ያ ቁስል ነው፣ ቀጠሮ አያስፈልገውም።

እሾህ ወይም ብረት ከወጋው ደግሞ የተሰካውን አይንቀሉ፣ አይጫኑት፣ ቅባት አያድርጉበት። ዓይኑን የማይነካ ነገር፣ የፕላስቲክ ኩባያ ቂጥ እንኳን ቢሆን፣ ከላይ ደፍተው በፋሻ አሥረው ያንኑ ቀን ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት።

ከዚህ ሆኜ ጠብታና መነጽር ብልክላቸውስ?

ይህ ጥያቄ ከአዲስ አበባም፣ ከአረብ አገርም፣ ከአሜሪካም ይመጣል። ፍቅሩ ይገባኛል። ግን ጠብታ አይላኩ።

ቅላት ቶሎ የሚያጠፉ አንዳንድ ጠብታዎች ዴክሳሜታዞንን የመሰለ ስቴሮይድ አለባቸው። ዓይኑ በቀን ውስጥ ይነጣል፣ ሰውየው ይመርቃል፣ ቀጥሎም ጎረቤቱ ይዋሰዋል። ለወራት ሲጨመር ግን የዓይንን ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ ሞራ ያመጣል፤ በሻጋታ የቆሰለ ዓይን ላይ ከሆነ ደግሞ ቁስሉን ያራባዋል። ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ ተገዝቶም የሚመጣ አለ። የተከፈተ ጠብታ ከአንድ ወር በኋላ መጣል እንዳለበትም አይርሱ።

መላክ ከፈለጉ የመጓጓዣ፣ የስንቅና አብሮ የሚያድር ሰው ወጪ ይላኩ። ብዙ ጊዜ በሽተኛውን ቤት የሚያስቀረው የሕክምናው ዋጋ አይደለም፣ መኪናና ማደሪያው ነው።

መነጽርስ? አባቴ ዳዊት ማንበብ አቃታቸው።

ከ40 ዓመት በኋላ የቅርብ ማየት መቀነሱ ሕመም አይደለም፣ እንደ ሽበት ነው። ዳዊቱን ክንዳቸውን ዘርግተው የሚያነቡ ከሆነ፣ መርፌ ማስገባት ካቃታቸው፣ የማንበቢያ መነጽር ይበቃቸዋል። ማንበብ ለማይችሉትም እንደዚያው ነው። ምስር ስትለቅም ጠጠር የሚያመልጣት እናት መነጽር ያስፈልጋታል፤ «እኔ አላነብ፣ ምን ያደርግልኛል?» ስለምትል ብቻ ሳይሰጣት ይኖራል።

ነገር ግን ተለክቶ ይሁን። የሩቁ እይታ ከደከመ መንስኤው ሞራ ወይም ግፊት ሊሆን ይችላል፣ ከገበያ የተገዛ መነጽርም ያንን ይሸፍነዋል።

ግላኮማ የሚባለውስ?

ከላይ የዓይን ግፊት ያልኩት ነው። አብዛኛውን ጊዜ አያምም፣ አያለቅስም፣ አይቀላም። እይታን ከዳር ጀምሮ ይበላል፤ «ከጎኔ የመጣ አህያ ገጨኝ» ብለው የሚመጡ አሉ። የሄደው አይመለስም። በጠብታ ወይም በቀዶ ሕክምና ያለውን ማቆየት ግን ይቻላል፤ ጠብታው የዕድሜ ልክ ነው። በቤተሰብ ውስጥ በዚህ የታወረ ሰው ካለ ወንድም፣ እኅት፣ ልጅ ሁሉ ከ40 ዓመት በፊትም ቢሆን ይመርመር። የስኳር ሕመም ያለበት ሰውም በየዓመቱ የዓይኑን የውስጥ ክፍል ይታይ።

ልጄ ዓይን ላይ ምን ካየሁ ልደንግጥ?

ብሌኑ ነጭ ሆኖ ከታየ፣ በፎቶ ላይ እንኳን ቢሆን፣ በዚያው ሳምንት ይምጡ። የልጅ ሞራ ሊሆን ይችላል፣ በዓይን ውስጥ የሚነሣ ካንሰርም ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም ጊዜ አይሰጡም። የሸወረረ ዓይንም «ሲያድግ ይስተካከላል» አይባልም። ካልታከመ አንጎሉ ያን ዓይን መጠቀም ይተዋል።

ሲመሽ የሚደናበር ልጅ ዳፍንት ይዞት ይሆናል፤ የቫይታሚን ኤ እጥረት ነው። ጎመን፣ ዱባ፣ ካሮት፣ እንቁላል፣ ከተገኘ ጉበት ይመገብ። ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ያሉ ልጆች በየስድስት ወሩ የሚሰጠውን ቫይታሚን ኤ አያስቀሩባቸው፣ የኩፍኝ ክትባቱንም።

ሪፈር ተጻፈልን። ገንዘብ የለንም። ምን እናድርግ?

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆኑ ካርዱን ያሳድሱና ከእኛ የሪፈር ወረቀት ጋር ይዘው ይሂዱ፤ ወረቀቱን ሳይዙ በቀጥታ ሆስፒታል ከሄዱ መድኑ ሙሉ በሙሉ ላይሸፍንልዎ ይችላል። መነጽር በመድኑ አይሸፈንም። ከመነሣትዎ በፊት የዓይን ሐኪሙ በየትኛው ቀን እንደሚሠራ ስልክ ደውለን እንጠይቅልዎታለን፤ ሳይጠይቁ ሄደው የተመለሱ ሰዎች ሁለተኛ አይሄዱም።

ስመጣ ምን ይዤ ልምጣ?

የመድን ካርድ። የሚጠቀሙበትን ጠብታና ቅባት ሁሉ፣ ባዶ ብልቃጡም ቢሆን፤ ስሙን የምናነበው ከእሱ ላይ ነው። የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት ካለ እሱንም። ዓይን የሚሸፈንበት ሕክምና ሊኖር ስለሚችል መርቶ የሚመልስዎ አንድ ሰው። ኩል ተኩለው ከሆነ ታጥበው ይምጡ፣ ሽፋሽፍቱን ማየት ይከለክለናል። የዓይንዎን ፀጉር በወረንጦ የሚነቅሉ ከሆነ ደግሞ ከመምጣትዎ በፊት ለሁለት ሦስት ሳምንት አይንቀሉ። እንደሚቆረቁርዎ አውቃለሁ፤ ግን ነቅለው ሲመጡ ስንቱ ፀጉር እንደዞረ አይታየንም፣ ጤነኛ ነዎት ብለን እንዳንመልስዎ።